በግራዬ በኩል ሰላም ላላችሁኝ ሁሉ

ሰላምታ የእግዜር ነው ይላሉ። እውነት ነው፣ ሰጪው እሱ ነው። ያልተሰጠውን የሚመዘግቡት ግን ሰዎች ናቸው። በተለይ እንደ ዲላ ባለ ከተማ፣ ሰው ስኳር ሊገዛ ከቤቱ ወጥቶ እስኪመለስ የአሥራ አምስት ሰው ጤና፣ የአሥራ አምስት ሰው ልጆች፣ የአምስት ሰው ላምና የሦስት ሰው የጉልበት ሕመም ጠይቆ በሚገባበት ከተማ፣ አንድ ሰላምታ መዝለል ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። እኛ ዘንድ «እንደምን አደርክ» ተብሎ ዝም ያለ ሰው ወይ ታሟል፣ ወይ ተሹሟል። ሦስተኛ ምክንያት የለም።

እኔ ግን ሦስተኛው ምክንያት ነኝ። የግራ ዓይኔ የለም።

አይዟችሁ፣ «ውይ!» አትበሉ። ብዙ ሰው ብሎልኛል፣ ለዕድሜ ልኬ የሚበቃ ክምችት አለኝ። ይልቅስ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ሰው ከ«ውይ» ቀጥሎ ሁልጊዜ የሚጠይቀው ይህንኑ ነውና።

ስሜ አስቴር ነው። ከከተማችን መሥሪያ ቤቶች በአንዱ መዝገብ ቤት እሠራለሁ። ባሌ ተስፋዬ የሒሳብ መምህር ነው፤ ሶስና የምትባል ዩኒቨርሲቲ የገባች ልጅ አለችን። ነገሩ የደረሰው ከሁለት ዓመት በፊት፣ በኅዳር፣ ዱመርሶ በምትባል የገጠር ቀበሌ፣ አባቴ ጓሮ ውስጥ ነው። የቡና ለቀማ ነበር። መቼም ከተማ ገብቶ ወንበር የለመደ ሰው ዓመት ጠብቆ ቡና ሊለቅም ወደ አባቱ ጓሮ ሲሄድ፣ ከገበሬው ይበልጥ የሚያውቀው እሱ ነው። እኔም አወቅሁ። የወንድሜ ሚስት፣ «ተይ፣ ያ ቅርንጫፍ ረጅም ነው፣ እኔ ልያዝልሽ» ስትለኝ፣ «እዚሁ አይደል እንዴ ያደግኩት!» አልኩና ጎትቼ አጎነበስኩት። ፍሬው እንደ ዶቃ የተሰካካበት ቅርንጫፍ ነበር። ሁለት እፍኝ እንደለቀምኩ እጄ ላይ ጉንዳን ወጣ። ጉንዳኑን ላራግፍ ቅርንጫፉን ለቀቅሁት። ቅርንጫፉም ወደ ቦታው ተመለሰ።

በመሀል የቆምኩት እኔ ነበርኩ።

ሕመሙን አልተርክላችሁም። ከሕመሙ የባሰው ምክሩ ነበር። ዱመርሶ ውስጥ የዓይን መድኃኒት የማያውቅ ሰው የለም። አንዷ የአራስ ጡት ወተት ጠብ ይደረግበት አለች፤ ሌላዋ በቀዘቀዘ ሻይ ይታጠብ፤ ሦስተኛው ሰውዬ ደግሞ በዚያ ጎን እንዳትተኚ ብቻ ብሎ ከሁሉም ይልቅ ዐዋቂ መሰለ። ሁሉንም አደረግሁ። የዘለልኩት ሐኪም ቤት መሄድን ብቻ ነው። በቡና ቅርንጫፍ ሐኪም ቤት ይኬዳል እንዴ? ደግሞስ «እዚሁ አይደል ያደግኩት» ብዬ በስንት ሰው ፊት ከፎከርኩ በኋላ?

በስምንተኛው ቀን ዓይኔን ነጭ ነገር ጋረደው። ተስፋዬ አንድ ጊዜ አየኝና ጫማውን ማሰር ጀመረ። ሰውዬው ሳይናገር ጫማ ሲያስር ነገሩ የምር ነው። ከዲላ ሆስፒታል ወደ ሐዋሳ ላኩን፤ እዚያ ልጄ ልትሆን የምትችል አንዲት ሐኪም ዓይኔን በመብራት አየች፣ እንደገና አየች፣ ከዚያ ወንበሯን ሳብ አድርጋ አጠገቤ ተቀመጠች። ሐኪም ወንበር ሲስብ ደግ ነገር አይመጣም።

«እትዬ አስቴር፣ ቁስሉ አመርቅዞ ወደ ውስጥ ዘልቋል። ይህ ዓይን ከእንግዲህ አያይም። ካላወጣነው ደግሞ ሕመሙም አይለቅዎትም» አለችኝ።

ተስፋዬ ዐሥር ጥያቄ ጠየቃት። እኔ አንድ ብቻ ነበረኝ።

«አንዱ ይበቃል?»

«ይበቃል» አለች። «ግን መልመድ አለ።»

መልመድ አለ። ያቺ ልጅ ሁለት ዓመቴን በሁለት ቃል ነገረችኝ። የፈቃድ ወረቀቱን ስትሰጠኝ በአንድ ዓይን ለክቼ ፊርማዬን ከወረቀቱ አስበልጬ ጠረጴዛው ላይ ፈረምኩት። ግማሹ ስሜ እስከ ዛሬ ሐዋሳ ነው።

ቤት ተመልሼ መስታወት ፊት ስቆም ከፋሻው ሥር ያለውን ለማየት አልደፈርኩም። ያየሁት የቀረውን ነው። ባሏን ቀብራ የተመለሰች ሴት መስሎ፣ ብቻውን ቀርቶ፣ ወዲያና ወዲህ ይላል። አሳዘነኝ። «አይዞህ፣ ከእንግዲህ እኔና አንተ ነን» አልኩት። ደግነቱ ሶስና አልሰማችኝም።

ከዚያ መልመድ የተባለው ነገር ጀመረ። ድሮ ለሰው ሁለት ዓይን የተሰጠው አንዱ ለመጠባበቂያ ይመስለኝ ነበር። ለካስ ሁለቱ ተመካክረው ነው ርቀት የሚለኩት! አንዱ ሲሄድ ዓለም ግድግዳ ላይ እንደተለጠፈ ፎቶ ጠፍጣፋ ትሆናለች። ሰው እጁን ሲዘረጋልኝ አየር ጨብጬ እመለሳለሁ። የበሩ መቃን ከግራ ትከሻዬ ጋር ያለውን ቂም በየቀኑ ይወጣል። ዶሮ ለምን አንገቷን እያጣመመች እንደምታይ የገባኝ ያኔ ነው፤ ለካ የፊቷን አንድ ጎን ብቻ ነው የምታምነው። አስፋልት ስሻገር እንደ እሷው አንገቴን ሙሉ በሙሉ አዙሬ ካላየሁ ባጃጅ ከየት እንደሚበቅል አላውቅም። ሊጠይቁኝ ለመጡት የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ሻይ ስቀዳ ደግሞ ስኒው እዚህ ነው ያልኩት እዚያ ሆኖ ጉልበታቸው ላይ ቀዳሁት። «ጌታ ይባረክ!» አሉ ብድግ ብለው። በዚያች ሰዓት ሌላ ቃል ቢያመልጣቸው እንኳ አልፈርድባቸውም ነበር። በኋላ የፔርሙዙን አፍ ከስኒው ከንፈር ጋር አስነክቶ መቅዳትን ተማርኩ። ሙያ ነው። ዛሬ የእኔን ያህል ሻይ የማያፈስ ሰው በሰፈሩ የለም።

ቋንቋችን ደግሞ፣ ልብ ብላችሁ እንደሆነ፣ ዓይን ይወዳል። ጠያቂዎቼ ክፉኛ ተቸገሩ። የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ እውነቱን መሆኑን ሊያስረዳኝ «ዓይኔን ግንባር ያድርገው!» ብሎ አፉን በመዳፉ ከደነ። አንዷ ጎረቤቴ ፊቴ ስለወዛላት ተደስታ «ከዓይን ያውጣሽ» አለችኝ። እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ፤ ጠያቂዎቹ መድኃኒቱ ነው ብለው በሐዘኔታ ተያዩ።

ባሌም ለመደ። አንድ ቀን ትሪው ላይ በእኔ ግራ በኩል የነበረ ሥጋ እየሳሳ ሲሄድ ታዘብኩ። የሒሳብ መምህር ነውና የትኛው ማዕዘን ከእይታዬ ውጪ እንደሆነ ሳያሰላ አይቀርም። ዞር ብዬ ሳየው እያኘከ ነበር። «በቀኝ ነው መቀመጥ ያለብህ» አልኩት። «ለምን? በግራሽ የሚጠብቅሽ ሰው አያስፈልግም?» አለኝ። እንዲህ ያለ ጠባቂ!

በየካቲት ቁስሉ ሲደርቅ አዲስ አበባ ሄጄ ሰው ሠራሽ ዓይን አሠራሁ። ሠሪው ዝምተኛ ሰው ነበር፤ ቀኝ ዓይኔን እያየ በቀጭን ብሩሽ ቡናማውን ቀባ፣ ቀይ የሐር ክር እየመዘዘ የደም ሥሮቹን አስመሰለ፣ ነጩ ላይ ሲደርስ አመነታና «እትዬ፣ ትንሽ ቢጫ ጣል ላድርግበት? ቀኝዎ ያን ያህል ነጭ አይደለም» አለኝ። እውነት መስማት ዋጋ አለው። «አድርግበት» አልኩት። ቢጫው ታክሎበት እንኳ ከድሮው ይልቅ አማረ። ሶስና ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ በደንብ መረመረችና «እማ፣ ሙች ማንም አይነቃም!» አለች።

ማንም አልነቃም። መዘዙ የመጣው ከዚህ ነው።

በፋሻ ሳለሁ መንገዱ ይለቀቅልኝ ነበር። ባጃጁ ይቆማል፣ ሰው በቀኜ ዞሮ መጥቶ እጄን ፈልጎ ይይዛል፣ ሰላም ብሎኝ ሳልመልስለት ስቀር «ምስኪን፣ አላየችኝም» ይላል። ዓይኔ ሲመለስ ምሕረቱ ቆመ። ሰው ሁለት ዓይን ያየበት ፊት ላይ ሁለት ዓይን ይጠብቃል። በግራ በኩል ፈገግ ብሎልኝ፣ እጁን አንስቶልኝ፣ ባርኔጣውን ነክቶልኝ ያለፈው ሰው ሁሉ ቅሬታውን ቤቱ ይዞ ገባ። ሁለት ወር ሳይሞላ ወሬው በተስፋዬ በኩል ደረሰኝ፤ «አስቴር አዲስ አበባ ሄዳ ከመጣች ወዲህ ኮርታለች» ይባላል አሉ። አስቡት እንግዲህ። ዓይኔን አጥቼ ትሑት፣ ታጋሽ፣ የሰው ሁሉ እህት ነበርኩ፤ የፕላስቲክ ዓይን ተክዬ ተሾምኩ።

ይህን ሁሉ እንኳ እችለው ነበር። ያልቻልኩት ወይንሸትን ነው።

ወይንሸት አባቷ ከሸዋ መጥተው ዲላ ላይ የከፈቱትን የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ የወረሰች፣ ሳቋ ከሱቋ ቀድሞ የሚሰማ ሴት ናት። አራተኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠን ጀመርን። እሷ ትጾማለች፣ እኔ እዘምራለሁ፤ ሠላሳ ዓመት ሳንጣላ ኖርን። ከሐዋሳ በተመለስኩ ማግሥት ድስት ይዛ መጣች። በሩ ላይ ቆመች። ፋሻዬን አየች። ድስቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ «መጣሁ» ብላ ወጣች።

ያ «መጣሁ» አራት ወር ፈጀ።

በጠያቂ መሀል ተቀምጬ በሩን እያየሁ ስንት ቀን እንደዋልኩ ለማንም አልተናገርኩም። ሥራ ያጨናንቃታል አልኩ። ጾም ገባ፣ ደክሟት ይሆናል አልኩ። በኋላ ማለቱንም ተውኩት። ከዚያ የልጇ የሕይወት ሠርግ ወሬ መጣ፤ ከፋሲካ በኋላ ልትዳር ነው። ሕይወትን እኮ በዚህ ጀርባዬ አዝያታለሁ! የጥሪ ካርዱ ሰፈሩን አዳረሰ። በስተላይ ያለችው ጎረቤቴ ደረሳት። በስተታች ያለችውም ደረሳት። የኛን በር ዘለለው።

ተስፋዬ ከሰው ጠይቆ መጣ። ፊቱን ሳየው ነገሩ ደስ አላለኝም።

«ሦስት ጊዜ ሰላም ብያት ዘግታኝ አለፈች ትላለች።»

«ማን? እኔ? እሷ ናት እኔን የምትከስ?»

«ትላለች ነው ያልኩሽ፣ ምን ታፈጪብኛለሽ?» አለና ወዲያው በቀኜ ዞሮ ተቀመጠ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ነገሩ የዕድራችን ዳኛ አቶ ጂግሶ ጆሮ ደረሰ። አቶ ጂግሶ ሬኮ በሚባል ቀበሌ ባለ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ዕድሜያቸውን ሙሉ ተቆጣጣሪ ሆነው የሠሩ ናቸው፤ ማድረቂያ አልጋው ላይ ከተሰጣ ቡና መሀል እንከን ያለባትን አንዲት ፍሬ ቆመው አይተው የሚያነሱ ሰው። የሰው ንግግርም ሲሰሙ እንደዚያው ናቸው፣ ከመሀል አንዲቷን ያነሷታል። አማርኛን የተማሩት ካደጉ በኋላ ነው፤ ነገር ሲጠብቅባቸው ሴቱም ወንዱም አንድ ይሆንባቸዋል። ሁለታችንንም እሑድ ከሰዓት ቤታቸው ጠሩን። ሄድን። ወይንሸት ቀድማ ደርሳ፣ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ፣ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ሰላም ተባባልን፤ በአገጫችን።

«ተናገር» አሏት።

«ሦስት ጊዜ ሰላም ብያታለሁ፣ አቶ ጂግሶ። አንዴ መናኸሪያው በር ላይ፣ አንዴ ቅቤ ተራ፣ አንዴ እዚያው የገዛ ሱቄ ደጃፍ። ሦስቱንም ጊዜ እንደ ግንድ ጥላኝ አለፈች።»

«በየት በኩል ነበርክ?»

«ማለት?»

«በቀኙ ነው፣ በግራው?»

ወይንሸት የነጠላዋን ጥለት መቁጠር ጀመረች። «በግራዋ» አለች።

«መናኸሪያ?»

«በግራዋ።»

«ቅቤ ተራ?»

«እሱም… በግራዋ።»

«ሱቁስ?»

«ሱቄ በግራ ነው ያለው፣ አቶ ጂግሶ! አንስቼ በቀኝ ላድርገው?»

ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? ብድግ አልኩ። «ይኸው! በግራዬ እንደማላይ አገር ያውቃል። ይህ ዓይን ሰው ሠራሽ ነው!» አልኩና ማስረጃ ይሁን ብዬ በጥፍሬ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረግሁት። ቀ፣ ቀ አለ። የአቶ ጂግሶ ባለቤት ውሃ ይዘው እየገቡ ነበር፤ አዩኝ፤ ውሃውን እንደያዙ ተመለሱ።

«ቁጭ በል» አሉኝ አቶ ጂግሶ፣ ሳይደነግጡ። ወደ ወይንሸት ዞሩ። «የመናኸሪያ መንገድ ሰፊ ነው። ቅቤ ተራም ሰፊ ነው። በግራው እንደማያይ ታውቃለህ። ለምን ሁልጊዜ በግራ? ቀኙ መንገድ ተዘግቷል?»

አነሷት ፍሬዋን።

ወይንሸት የተከናነበችውን ፈታ አደረገች። ነጠላው ከአፍንጫዋ ወረደ።

«ፈርቼ ነው» አለች። «ያን ቀን ድስቱን ይዤ ስገባ ፋሻውን አየሁ። ምን ይባላል? እንኳን ተረፍሽ ይባላል? አይዞሽ ይባላል? ነገ መጥቼ እናገራለሁ ብዬ ወጣሁ። በነጋታው አፈርኩ። ሳምንት ሲሞላ ‹ለምን ቀረሽ› ብትለኝ የምመልሰው ጠፋኝ። ወር ሲሞላማ አለቀ፣ በየት በኩል ልግባ? መንገድ ላይ ሳያት በግራዋ እዞርና ቀስ ብዬ ‹አስቱ፣ እንደምነሽ› እላለሁ። ሰላምታዬን ሰጥቻለሁ፤ ደግሞም አልታየሁም።»

«ካልታየህ ታዲያ ምን አናደደህ?»

«እኔ እንጃ፣ አቶ ጂግሶ። አለማየቷ አናደደኝ!»

ልስቅ ነበር። እውነቴን ነው፣ ጥርሴ ሊገለጥ ነበር። ድል የእኔ ነው፤ በራሷ አፍ ተፈረደባት። አቶ ጂግሶ ግን ቀስ ብለው ወደኔ ዞሩ።

«አንተስ?»

«እኔ ምን?»

«የወጣው ዓይን ነው። ጆሮ መቼ ወጣ?»

እናንተ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልረፍ።

መናኸሪያው በር ላይ በእውነት አልሰማኋትም፤ የረዳቶቹ ጩኸት የመላእክት መለከት ቢነፋም አያሰማም። ቅቤ ተራም አልሰማሁም። የሱቁን ግን ሰምቻለሁ። ሠላሳ ዓመት የሰማሁት ድምፅ ነው፤ በእንቅልፌም አውቀዋለሁ። «አስቱ» ስትል እግሬ ሊቆም ነበር፤ እኔ ነኝ ሂድ ያልኩት። አራት ወር ሙሉ በሬን ሳትረግጥ ከሱቋ በር ላይ ተቀምጣ ልትጠራኝ! አልኩ በሆዴ። ግራ ጎኔ ምክንያት ይዞ ተዘጋጅቶ ቆሟል፤ ተጠቀምኩበት። እውነቱን ከተናገርኩ ደግሞ የመጀመሪያዬም አልነበረም። መዝገብ ቤት ውስጥ ፋይሌ የት ደረሰ እያለ የሚነዘንዝ ባለጉዳይ በግራ በኩል ሲመጣ ስንቴ እንዳላየሁት፣ እኔና የግራ ዓይኔ እናውቃለን።

«የሱቁን ሰምቻለሁ» አልኩ።

ወይንሸት ቀና አለች። «ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ሰምተሽ ነው ጥለሽኝ የሄድሽው?»

«አንቺስ አይተሽ አይደል ጥለሽኝ የሄድሽው?»

ከዚህ በኋላ ማን ቀድሞ እንደተነሳ አላውቅም። አንገቷ ሥር ገብቼ ተገኘሁ። ሐኪሞቹ ለቁስሉ ጥሩ አይደለም ብለው አታልቅሺ ብለውኝ ነበር፤ ቁስሉ ከዳነ በኋላም እንደ ትእዛዝ ሆኖብኝ ቀርቶ ከኅዳር ጀምሮ አንድ ጠብታ አላፈሰስኩም። በዚያች እሑድ የአራት ወሩ ባንድ ላይ መጣ። ወይንሸት በነጠላዋ ጫፍ ፊቴን ስትጠርግ ድንገት እጇ ቆመ።

«አስቱ! ይሄኛውም ያለቅሳል እንዴ?»

ዳሰስኩት። ግራ ጉንጬ ከቀኙ እኩል ርሷል። እኔም አላወቅሁም ነበር! ዓይኑ ቢሄድም እንባው ቤቱን ሳይለቅ ቀርቷል።

አቶ ጂግሶ ከወንበራቸው ጎንበስ ብለው በመገረም አዩት። «እሱ ምን አይቶ ያለቅሳል?» አሉ። ከዚያ መልሱን ራሳቸው ያገኙት ይመስል ውሃ እንዲያመጡ ሚስታቸውን ጠሩ።

ፍርዱ አጭር ነበር። ካሳ የለም፣ ይቅርታ በእጥፍ። ከዚያም ጣታቸውን ወይንሸት ላይ አነሱ። «ከዛሬ ጀምሮ አብራችሁ ስትሄዱ አንተ በግራው ሂድ። እሱ አያይም፤ አንተ እይለት።» ወይንሸት እሺ አለችና ቦርሳዋን ከፈተች። የሠርጉን ካርድ አወጣች። ስሜ ተጽፎበታል፣ የተስፋዬም የሶስናም። ጥጎቹ ሁሉ ተጣጥፈው፣ አንዱ ጎኑ በዘይት ተነክቶ፣ ቦርሳዋ ውስጥ ስንት ሳምንት እንደተንከራተተ ያስታውቃል። በየቀኑ ይዛው ትወጣለች፣ በየቀኑ ይዛው ትገባለች።

ሠርጉ አማረ። ወይንሸት በግራዬ ቆማ ሙሽሪት ስትገባ ክንዴን እስኪያመኝ ጨበጠችው። አንድ የሙሽራው አጎት ሲጨፍር በግራ መጥቶ ገጨኝና ይቅርታ ሲጠይቀኝ፣ ወይንሸት ነገሩን ገና ሳላውቀው ሰድባው ጨርሳ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሹመቷን በትጋት ይዛለች። ገበያ ስንወጣ በግራዬ ሆና፣ እንደ ሬዲዮ ሳታቋርጥ፣ «በግራ አቶ እገሌ፣ ፈገግ በይ… በግራ የሶስና አስተማሪ፣ ጎንበስ በይ… ጉድጓድ… እነዚያ የሚያውቁሽ መሰላቸው እንጂ አያውቁሽም፣ እለፊ…» ትለኛለች። በሁለት ዓይኔ ሳለሁ ያልሰጠሁትን ሰላምታ ሁሉ መስጠት ጀመርኩ። ከተማው ታረቀኝ። «አስቴር ኩራቷ በረደላት» ተባለ። እኔም አንገቴ አረፈ፣ ትከሻዬ ከበር መቃን ጋር ሰላም አወረደ። ሰው ሁለተኛ ዓይኑን የሚያገኘው ከሌላ ሰው ነው ብዬ እዚህ ላይ ወጌን ልቋጭ ነበር፤ ያማረ መደምደሚያ ይሆን ነበር።

ባለፈው ሳምንት ግን ተስፋዬ ፊቱን ያንን ፊቱን አድርጎ መጣ። ቅቤ ተራ ቅቤ የምትሸጠው ብርቄ ክፉኛ አዝናብኛለች። ሁለት ወር ሙሉ በየገበያው ሰላም ስትለኝ ዘግቻት አልፋለሁ አሉ። ደነገጥኩ። ብርቄን ሁለት ወር ሙሉ አላየኋትም! ታማ መስሎኝ ልጠይቃት ሁሉ አስቤ ነበር። በቀጥታ ወይንሸት ሱቅ ሄድኩ።

«ብርቄ በግራችን ሰላም ስትለኝ አላየሻትም?»

«አይቻታለሁ» አለች፣ ጨርቁን በክንዷ እየለካች፣ ያለ ምንም ሐፍረት።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«እንዴት አድርጌ ልንገርሽ? እኔና እሷ እኮ አንነጋገርም።»

ለካስ ከሁለት ወር በፊት በዚያ የሠርግ ቅቤ ቀሪ ሒሳብ ተጣልተዋል! ከዚያች ቀን ጀምሮ ብርቄ ከግራ ጎኔ ተሰርዛለች። ማን ያውቃል ሌላ ማን እንደተሰረዘ። ሁለት ዓይን ሳለኝ የማስተዳድረው የራሴን ጠብ ብቻ ነበር፤ አሁን የሷንም ደርቤ ይዤ ስዞር ኖሬያለሁ።

ነገ ጠዋት ብርቄን ይቅርታ ልጠይቅ ቅቤ ተራ እሄዳለሁ። ብቻዬን ልሂድ ብዬ ነበር፤ ወይንሸት «ያን ሁሉ ግፊያ! ግራሽን ማን ያይልሻል?» ብላ ተቆጣች። አብራኝ ልትመጣ ነው። እንግዲህ ሰላም የምለው ማንን እንደሆነ እዚያው ስንደርስ ይነገረኛል።